ከስሟ አንዲት ፊደል ብቻ የቀነሰች ባለቅኔ

ኦድሬ ሎርድ የተባለችው አሜሪካዊት ባለቅኔ በጉባኤ ፊት ለመናገር ስትቆም፥ ወደ ቁም ነገሩ ከመግባቷ በፊት ማን እንደ ሆነች በዝርዝር መናገር ልማዷ ነበር። ጥቁር መሆኗን፥ ሌዝቢያን ማለት ሴትን የምታፈቅር ሴት መሆኗን፥ እናት መሆኗን፥ ባለቅኔ መሆኗን፥ ተዋጊም መሆኗን አንድ በአንድ ትቈጥራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ነገሩ ትዕቢት ሊመስለው ይችላል። ታሪኳን ከሥር የተከታተለ ግን ልማዱ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አይቸገርም። ይህች ሴት በሕይወቷ ግቢ የሚላት ሰው አላጣችም፤ ዳሩ ግን ግቢ የሚላት ሁሉ ከማንነቷ አንዱን ነገር ከደጅ አስቀምጣ እንድትገባ ይፈልግ ነበር።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ከላይ ከቈጠርናቸው ቃላት አንዱ የሚከብደው አይጠፋም። ነገር ግን ያን ቃል ዘለን ብንጽፍ የምንጽፈው ስለ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ስለዚህ እርሷ እንደ ተናገረችው እናስቀምጠዋለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የተወለደችው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1934 በኒው ዮርክ ከተማ ነው፤ ያደገችውም ሀርለም በሚባለው በታወቀው የጥቁሮች ሰፈር ነው። አባቷ ከባርቤዶስ፥ እናቷ ከግሬናዳ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ የካሪብያን ደሴቶች ሰዎች ነበሩ። ከሦስት ሴቶች ልጆቻቸው የመጨረሻዋ ኦድሬ ናት። እናቲቱ አገሬ ሲሉ ካሪያኩ የምትባለውን የግሬናዳን ጎረቤት ትንሽ ደሴት ማለታቸው ነበር፤ ልጅቱ ግን በካርታ ላይ ብትፈልግ ብትፈልግ ይህችን ደሴት ልታገኛት አልቻለችም። ካሪያኩን በካርታ ላይ ያየቻት በ26 ዓመቷ፥ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ስትማር ነው።

በልጅነቷ ዐይኗ እጅግ ደካማ ስለ ነበር ያለ መነጽር በሕግ እንደ ዐይነ ስውር የምትቈጠር ነበረች። አፏም የተፈታው ዘግይቶ ነው። አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ በ135ኛው መንገድ ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይዘዋት ሄዱ። ልጅቱ እዚያ መሬት ላይ ተዘርግታ ስታለቅስ፥ የሕፃናቱ ክፍል ሠራተኛ የነበሩት ጥቁር ሴት ወይዘሮ ኦገስታ ቤከር ከመቈጣት ይልቅ አጠገባቸው አስቀምጠው መጽሐፍ አነበቡላት። ሲጨርሱ የልጅቱ ምኞት ማንበብ መቻል ብቻ ሆነ። ወይዘሮ ቤከር ኋላ በኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት አገልግሎት ሁሉ ኀላፊ ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው።

መጻፍ ስትለማመድ አንድ ነገር አላማራትም። ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ዋይ የምትባል ፊደል ነበረች፤ የዚህች ፊደል ጅራት ከመስመሩ በታች ተንጠልጥሎ መታየቱን ጠላችው። የራሷ ስምና የቤተ ሰቧ ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ቢያልቁ ለዐይን እንደሚያምሩም አየች። እናቷ ደስ እንዲላቸው ብላ ለጊዜው ብትታገሣትም ኋላ ጨርሳ አስወጣቻት። ይህን ያደረገችው በገዛ ፈቃዷ ነው። ከዚያ በኋላ ከራሷ ላይ ሌላ ነገር እንድትቀንስ የጠየቋት ብዙዎች ናቸው።

ምን ይሰማሻል ብሎ የጠየቃት ሰው ካለ፥ በቃሏ ከያዘቻቸው ግጥሞች አንዱን ትወጣለት ነበር፤ መልሱ በግጥሙ ውስጥ ያለ ቦታ አለ። ለሚሰማት ነገር የሚሆን ግጥም ያጣች ጊዜ ግን ራሷ መጻፍ ጀመረች፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ 12 ወይም 13 ዓመት ነበር። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ በእኛም አገር ፊት ለፊት ሊነገር ያልቻለ ስንት ጕዳይ በቅኔ ተነግሯል። ልዩነቱ የእርሷ መንገድ ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ የእኛ ባለቅኔ ወርቁን በሰሙ ይሸፍናል፥ እርሷ ግን ግጥምን የያዘችው የተሸፈነውን ገልጣ ለማሳየት ነው።

በቤታቸው ውስጥ ዝምታ እንደ ሕግ የጸና ነበር። ከእናቷ ጋር በመንገድ ስትሄድ ነጮች በጥላቻ የተፉት ምራቅ በልብሷ ላይ ሲያርፍ፥ እናቲቱ ለዚሁ በቦርሳቸው ከያዙት ጋዜጣ ቍራጭ ቀደው ይጠርጉላትና ባለጌ ሰዎች ሳያዩ ወደ ነፋስ የተፉት ነው ይሏት ነበር። ልጅቱ ምራቁ ለእርሷ የታሰበ መሆኑን የተረዳችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እናቲቱን ለመውቀስ አንቸኵልም፤ ሊመልሱት ከማይችሉት ጥቃት ልጅን መከለል ሌላ ምን መልክ ሊኖረው ይችላል?

በ1947 ኦድሬ 8ኛ ክፍልን ስትጨርስ ወላጆቿ ልጆቹን ይዘው ዋና ከተማውን ዋሽንግተንን ሊያሳዩአቸው ሄዱ። ዕለቱ ጁላይ 4 ቀን፥ የአሜሪካ የነጻነት በዓል ነበር። በሙቀቱ ደክመው አይስክሬም ለመብላት ወደ አንድ ቤት ገብተው ተቀመጡ። አሳላፊዋ ይዘውት ሊወጡ እንደሚችሉ፥ ተቀምጠው ሊበሉት ግን እንደማይችሉ ነገረቻቸው። መላው ቤተ ሰብ አንድ ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ። ኦድሬን ከአሳላፊዋ ቃል ይበልጥ ያቈሰላት፥ አባቷም እናቷም እኅቶቿም ነገሩን ፈጽሞ እንዳልተደረገ ያህል በዝምታ ማለፋቸው ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት አቤቱታ ለመጻፍ ወሰነች፤ አባቷም በመሥሪያ ቤታቸው የጽሕፈት መኪና እንድትጽፈው ፈቀዱላት።

በሀንተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትማር፥ የትምህርት ቤቱ መጽሔት ያልተቀበለውን ግጥሟን ሴቨንቲን ለሚባለው በአገሪቱ ሁሉ ለሚሠራጭ የወጣት ሴቶች መጽሔት ልካ ታተመላት። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት የድካም ዓመታት ናቸው። ኮኔቲከት ውስጥ ስታምፎርድ በምትባል ከተማ፥ ለራዲዮና ለራዳር የሚሆን የኳርትዝ ድንጋይ በሚዘጋጅበት ፋብሪካ ሠርታለች፤ ድንጋዩ የሚታጠብበት ኬሚካል ጕበትን እንደሚጎዳ ለሠራተኞቹ የነገራቸው አልነበረም ብላ ኋላ ጽፋለች። በ1954 ሜክሲኮ ሄዳ በብሔራዊው ዩኒቨርስቲ ተማረች። በ1959 ከሀንተር ኮሌጅ፥ በ1961 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመረቀች።

ያ ዘመን ሴትን ለምታፈቅር ሴት ቀላል ዘመን አልነበረም። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባወጡት ትእዛዝ መሠረት እንዲህ ያለ ሰው በፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳይሠራ ተከልክሎ፥ ብዙ ሰዎችም ከሥራቸው ተባረው ነበር። ኦድሬ እንደ እርሷ ያሉ ሴቶች በሚሰበሰቡባቸው በግሪንዊች ቪሌጅ ቡና ቤቶች ስትቀመጥ ጥቁሯ እርሷ ብቻ የምትሆንባቸው ምሽቶች ነበሩ፤ የቆዳዋን ነገር ግን ማንም አያነሣውም። በሀርለም ፍቅሯ አይነሣም፥ በግሪንዊች ቪሌጅ ቀለሟ አይነሣም። በ1962 አንድ ነጭ የሕግ ባለሙያ አግብታ ሴትና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ትዳሩም በ1970 በፍች ተፈጸመ።

ሕይወቷ የተለወጠው በ1968 ነው። የመጀመሪያዋ የግጥም መጽሐፍ በዚያች ዓመት ወጣ፤ እርሷም ሚሲሲፒ ውስጥ ቱጋሉ በሚባል የጥቁሮች ኮሌጅ ለስድስት ሳምንት ግጥም እንድታስተምር ተጋበዘች። በዚያ ወራት ሁለት ነገር አገኘች። አንደኛው፥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት የእርሷ ጥሪ አለመሆኑንና ማስተማር እንደሚገባት ማወቋ ነው። ሁለተኛው፥ ፍራንሲስ ክሌይተን ከምትባል ነጭ የሥነ ልቡና መምህርት ጋር መተዋወቋ ነው። ሁለቱ ሴቶች ለብዙ ዓመታት አንድ ቤት ሆነው የኦድሬን ሁለት ልጆች በስታተን አይላንድ አሳደጉ።

በዚያን ጊዜ ለጥቁር ባለቅኔ ከሁሉ የሚበልጠው ደጃፍ ዲትሮይት ያለው ብሮድሳይድ ፕሬስ ነበር። ያቋቋመው ደድሊ ራንዳል ራሱ ባለቅኔና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ በትንሽ ገንዘብ የብዙ ጥቁር ገጣሚዎችን መጽሐፍ ለአደባባይ ያበቃ የተመሰገነ ሰው ነው። በ1973 የኦድሬ ሎርድን መጽሐፍ ሊያሳትም ሲያዘጋጅ ግን አንዲት ሴት ለሌላ ሴት ያላትን ፍቅር የሚናገረውን ግጥም ምንነት ጠየቃት፤ ከተረዳም በኋላ ግጥሙ ከመጽሐፉ እንዲቀር ሆነ። መጽሐፉም ያለዚያ ግጥም ወጣ። ኦድሬ ግን ግጥሙን በ1971 በሕዝብ ፊት አንብባው ነበር፤ ሚዝ የሚባለው የሴቶች መጽሔት ባተመው ጊዜም ገጹን ቀድዳ በምታስተምርበት ኮሌጅ፥ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሐሜት የሚፈራ ሰው ሐሜቱን በገዛ እጁ ግድግዳ ላይ ሲለጥፈው ሐሜተኛ ሥራ ይፈታል።

ያው መጽሐፍ በ1974 ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ከታጩት አንዱ ሆነ። ከእርሷ ጋር የታጩት አድሪየን ሪችና አሊስ ዎከር ነበሩ፤ ሦስቱ ሴቶች ሽልማቱ ለማናቸውም ቢደርስ በሴቶች ሁሉ ስም እንደሚቀበሉት አስቀድመው ተማከሩ። ዕጣው ለሪች (ከአለን ጊንስበርግ ጋር በእኵል) ወጣ፤ እርሷም የሦስቱን መግለጫ አነበበች።

ግጥሙ የተለጠፈበት ኮሌጅ ጆን ጄይ ይባላል። ይህ ኮሌጅ የወንጀልና የፍትሕ ሥራ የሚጠናበት ነው፤ ስለዚህ ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ ፖሊሶች ወይም ፖሊስ ለመሆን የሚማሩ ነበሩ። እርሷ ለእነዚህ ሰዎች ስለ ዘር ልዩነት ታስተምር ነበር።

ኤፕሪል 28 ቀን 1973 ጎሕ ሲቀድ ክሊፎርድ ግላቨር የሚባል የ10 ዓመት ጥቁር ልጅ በኒው ዮርክ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል ከእንጀራ አባቱ ጋር ወደ ሥራ ቦታው በእግር ይሄድ ነበር። መለዮ ያልለበሱ ፖሊሶች ከመኪና ወርደው አስቆሟቸው፤ አባትና ልጅ ዘራፊ መጣብን ብለው ሸሹ፤ አንደኛው ነጭ ፖሊስ ተኵሶ ልጁን ገደለው። ፖሊሱ በነፍስ ግድያ ተከሶ ለፍርድ ቀረበ። ፍርዱን እንዲሰጡ ከተመረጡት 12 ሰዎች 11ዱ ነጭ ወንዶች ሲሆኑ አንዷ ጥቁር ሴት ነበረች። በ1974 ፖሊሱ በነጻ ተለቀቀ።

ኦድሬ ሎርድ ፍርዱን የሰማችው መኪና እየነዳች ሳለ በራዲዮ ነው። ንዴቱ መሪውን ለመያዝ አላስችላት ስላለ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቁማ ደብተሯን አወጣችና የመጣላትን ጻፈች። ከዚያ ደብተር የወጣው ግጥም ከሥራዎቿ ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆኗል። ንዴት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልታወቀ ነበር። ኦድሬ በግጥሙም፥ ስለ ግጥሙ በተጠየቀች ጊዜም ያች አንዲት ጥቁር ሴት ከሐሳቧ አልወጣችም። ከ11 ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል የተዘጋባት ሴት ለምን ተስማማች? ብቻዋን አይሆንም ለማለት ምን ዓይነት ኃይል ያስፈልጋት ነበር? ኦድሬ ይህን ጥያቄ በሴቲቱ ላይ ብቻ አላቆመችውም፤ ወደ ራሷም አዞረችው። ቍጣውን መልካም መንገድ ካልሰጠችው እርሷም በተራዋ አንድ ደካማ ሰው የምታጠፋ ልትሆን እንደምትችል ፈራች። ይህን ሁሉ የጻፈች ሴት ደመወዟን የምታገኘው ፖሊሶችን በማስተማር መሆኑን አንባቢ እንዳይዘነጋ እንለምናለን። ሥራዋን ጥላ ብትሄድ የሚፈርድባት አልነበረም። እርሷ ግን እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዚያው ኮሌጅ ቈየች።

በ1977 ሐኪሞች በጡቷ ውስጥ እብጠት አገኙና ነቀርሳ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሯት። ሦስት ሳምንት ያህል በጭንቀት ከቈየች በኋላ ነቀርሳ አለመሆኑ ታወቀ። በእነዚያ ሳምንታት ሞትን ፊት ለፊት አይታ ሕይወቷን ስትመረምር ከሁሉ ይልቅ የጸጸታት ዝም ያለችባቸው ጊዜያት ሆነው አገኘቻቸው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ቺካጎ በተደረገው የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን ጉባኤ ላይ ይህንኑ ተናገረች። የነገሩ ፍሬ፥ ዝም ያለ ሰው በዝምታው ከምንም አደጋ አይድንም የሚል ነው። ያን ንግግር ያነበበ ሰው የ1947ቱን የዋሽንግተን አይስክሬም ቤት ሊረሳ አይችልም።

በ1979 ደግሞ በኒው ዮርክ ዩኒቨርስቲ ስለ ሴቶች ነጻነት ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። የተገኙት ምሁራን አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፤ ጥቁሮቹ የተጋበዙት በመጨረሻው ሰዓት፥ የተመደቡትም በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር። ኦድሬ ተነሥታ ይህንኑ በግልጽ ተናገረች። ቀጥላም እኛ እዚህ ተቀምጠን ስለ ሴት ነጻነት ስንከራከር ቤታችንን የሚጠርጉትና ልጆቻችንን የሚጠብቁት ሴቶች እነማን ናቸው የሚል ይዘት ያለው ጥያቄ አነሣች፤ መልሱ ድኾችና ነጭ ያልሆኑ ሴቶች መሆናቸው ነው። የቤት ሠራተኛ ባለበት ቤት ያደገ ሁሉ፥ በየትም አገር ቢሆን፥ ይህን ጥያቄ የኒው ዮርክ ሰዎች ጕዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው የሚችል አይመስለንም።

የገዛ ወገኖቿ የሆኑት ሌዝቢያኖችም ቢሆኑ ከደጅ የሚቀር ነገር አላጡላትም። አንድ የሌዝቢያኖች ጉባኤ ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ልጅ ይዞ መምጣትን ከለከለ። የኦድሬ ወንድ ልጅ ያን ጊዜ 13 ዓመቱ፥ ሴቷ ደግሞ 15 ዓመቷ ነበር። እርሷና ክሌይተን ልጃቸውን ጥለው እንደማይመጡ ጽፈው አስታወቁ፤ ወንዱም ልጅ እንደ ሴቷ ሁሉ የነገው ዓለም ተስፋ ነው ባዮች ነበሩ። ስለ ወንድ ልጅ አስተዳደግ የጻፈችው ድርሰት ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም ከስድ ንባብ ሥራዎቿ ሁሉ ለእኛ ለስላሳው ሆኖ የታየን።

በ1978 ነቀርሳው እውነተኛ ሆኖ መጣ፤ አንዱ ጡቷ ተቈረጠ። በቀዶ ሕክምናው ማግስት ሆስፒታል ሊጠይቋት የመጡት፥ ዋናው ነገር ሰው እንዳያውቅባት መሆኑን ሊያስረዷት ይሞክሩ ነበር፤ በቈረጡት ጡት ምትክ በልብስ ውስጥ የሚገባ ነገርም ሰጧት። ብትሞክረው አላማራትም፤ ጣለችው። ከአሥር ቀን በኋላ ለምርመራ ወደ ሐኪሟ ስትሄድ ደኅና ለብሳ፥ ፀጕሯን ታጥባ፥ ጌጧን አድርጋ ነበር፤ ነርሷ ግን ያን ነገር ባለማድረጓ ወቀሰቻት፥ ያለዚያ የክሊኒኩ መንፈስ ይጎዳል ስትል። ኦድሬ በኋላ በጻፈችው የነቀርሳ ማስታወሻ ላይ ስለዚህ ነገር የእስራኤሉን የጦር ሚኒስትር ሞሼ ዳያንን አንሥታለች። ዳያን አንድ ዐይኑን ባጣበት ላይ ጥቁር ሽፋን አድርጎ በአደባባይ ሲታይ ሰው እንደ ጀግና ያየዋል እንጂ ሂድና የመስተዋት ዐይን አድርግ የሚለው የለም፤ የሴት ቍስል ለምን ነውር ይሆናል የሚል ነው ነገሯ። ሌላም ምክንያት ነበራት። ጡታቸውን ያጡ ሴቶች ሁሉ ሸሽገው ከሄዱ አንዷ ሌላይቱን በምን ታውቃታለች? ማስታወሻው በ1980 ታተመ። ነቀርሳ በሹክሹክታ በሚነገርበት ዘመን ይህን የመሰለ መጽሐፍ መጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ፥ ዛሬም ቢሆን በሽታውን በስሙ ለመጥራት የሚፈራ ቤተ ሰብ ያለው ሰው ይረዳዋል።

ሌሎች በር ከመለመን ይልቅ የራስን በር መክፈት እንደሚሻል የተረዳችው በዚሁ ጊዜ ነው። ከባርባራ ስሚዝና ከሌሎች ጋር ሆና ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሴቶች የሚጽፉትን የሚያትም ድርጅት አቋቋመች፤ ስሙንም ሴቶች ሲሠሩ ውለው በሚወያዩበት በወጥ ቤት ጠረጴዛ ሰየሙት። በኦገስት 1983 ማርቲን ሉተር ኪንግ ታላቁን ንግግር ያደረጉበት 20ኛ ዓመት በዋሽንግተን ሲከበር፥ ከአዘጋጆቹ መካከል እንደ እርሷ ያሉ ሰዎች በሰልፉ ላይ እንዳይናገሩ የሚፈልጉ ነበሩ። ክርክሩ ብዙ ከቈየ በኋላ ተፈቅዶላት ለጥቂት ደቂቃ ተናገረች።

ያች ዓመት ሳታልቅ፥ ኦክቶበር 25 ቀን፥ የአሜሪካ ጦር የእናቷን አገር ግሬናዳን ወረረ። የደሴቲቱ ሕዝብ ብዛት 100 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ድርሰቶቿን የያዘው መጽሐፍ በማተሚያ ቤት እየተዘጋጀ ነበር፤ እርሷ ግን በዲሴምበር ወደ ደሴቲቱ ሄዳ ያየችውን ጻፈችና በመጽሐፉ መጨረሻ አስገባችው። ከነጮቹ ወታደሮች ጋር የተሰለፉትን ጥቁር የአሜሪካ ወታደሮች ስታይ የተሰማት ሐዘን በጽሑፉ ውስጥ አለ። የአሜሪካ ዜግነቷ እንኳ ዝም እንድትል ምክንያት አልሆናትም።

በእኛ ግምት ከሥራዎቿ ሁሉ ያላሰበችውን ፍሬ ያፈራው የበርሊን ቈይታዋ ነው። በ1984 ዳግማር ሹልትስ የተባለች ጀርመናዊት ባደረገችው ጥረት በምዕራብ በርሊን ነጻ ዩኒቨርስቲ እንድታስተምር ተጋበዘች። እዚያ ስትደርስ አስቀድማ የጠየቀችው ስለ ጥቁር ጀርመናውያን ሴቶች ነው፤ የት ናቸው? በጀርመን አገር ተወልደው በጀርመንኛ አፋቸውን የፈቱ፥ አባታቸው አፍሪካዊ ወይም ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር የሆነ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፥ የጋራ ስምም አልነበራቸውም፤ የነበሩት ስሞች የስድብ ስሞች ናቸው። ሴቶቹ ከእርሷ ጋር እየተገናኙ፥ ከዚያም እርስ በርሳቸው እየተገናኙ ሄዱና አፍሮ ጀርመን የሚል ስም ለራሳቸው አወጡ። እርሷም ታሪካቸውን እንዲጽፉ ወተወተቻቸው። ማይ አዪም፥ ካታሪና ኦጉንቶዬና ዳግማር ሹልትስ ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1986 ታተመ፤ በጀርመን አገር ስለ ጥቁር ጀርመናውያን ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ማይ አዪም ራሷ የታወቀች ባለቅኔ ሆና በ1996 ሞተች። በበርሊን፥ በአፍሪካ ጠረፍ የባሪያ ንግድ ምሽግ በሠራ ሰው ስም ይጠራ የነበረው የወንዝ ዳር መንገድ በ2010 በእርሷ ስም ተሰይሟል። ዛሬ በዚሁ በክሮይትስበርግ ሰፈር የኦድሬ ሎርድ መንገድም አለ።

ነቀርሳው በ1984 በጕበቷ ላይ ታየ። ሐኪሞች ያቀረቡትን ቀዶ ሕክምና እንቢ ብላ እስከ ስዊስ አገር ድረስ ሄዳ ሌላ ሕክምና ሞከረች፤ በዚያ ላይ በሀንተር ኮሌጅ ማስተማሩን፥ በደቡብ አፍሪካ ላሉ ሴቶች ርዳታ ማሰባሰቡንና መጻፉን አላቋረጠችም። በመጨረሻ ከግሎሪያ ጆሴፍ ጋር ሆና ሴንት ክሮይ በምትባለው የካሪብያን ደሴት ተቀመጠች። በሴፕቴምበር 1989 ሁጎ የተባለው ማዕበል ደሴቲቱን ሲያወድማት እዚያው ነበረች። በ1991 የኒው ዮርክ ገዥ ማሪዮ ኩኦሞ የክፍለ ሀገሩ ባለቅኔ ብለው ሰየሟት። ከመሞቷ በፊት በአፍሪካውያን ሥርዐት ጋምባ አዲሳ የሚል ስም ተቀበለች፤ ትርጕሙ ተዋጊዋ፥ ሐሳቧን የምታሳውቅ ማለት ነው ይባላል። ኖቬምበር 17 ቀን 1992 በ58 ዓመቷ በሴንት ክሮይ ዐረፈች።

አሁን ስሟ ገኗል። ወረቀቶቿ በአትላንታ ስፔልማን ኮሌጅ ተቀምጠዋል፤ በስታተን አይላንድ የኖረችበት ቤት በ2019 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም አንድ የምንታዘበው ነገር አለ። ከድርሰቶቿ የተቀነጨቡ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች በፈንጋይና በሸሚዝ ላይ ታትመው ይሸጣሉ። ራስን ስለ መንከባከብ የጻፈችው ነገር፥ ነቀርሳ በጕበቷ ላይ ያለ፥ ሥራዋን ሳትጨርስ ለመሞት ያልፈለገች ጥቁር ሴት የጻፈችው መሆኑ ተዘንግቶ ለሳሙናና ለቅባት ማስታወቂያ የሚሆን ሆኗል። የነጮቹን ምሁራን የወቀሰችበትንም ንግግር የሚጠቅሱት ብዙዎች የቤት ሠራተኞቹን ጥያቄ አያነሡም። ግጥሞቿ ከንግግሮቿ ባነሰ መጠን መነበባቸውም ያሳዝናል፤ ራሷን ባለቅኔ ብላ ትቈጥር ነበርና።

በኒው ዮርክ ከተማ በእርሷና ማይክል ካለን በተባለ ሙዚቀኛ ስም የተሰየመ ካለን ሎርድ የሚባል ክሊኒክ አለ። የሚያክመው በተለይ እንደ እርሷ ያሉትን ሰዎች ሲሆን፥ የሚከፍለው የሌለውን ሕመምተኛም አይመልስም። በመጠበቂያው ክፍል የሚቀመጠው ሰው ለሐኪሙ ስለ ራሱ ሲናገር የሚሸሽገው ነገር እንዳይኖር ተብሎ የተከፈተ ቤት ነው።